ማክሰኞ ያወቅሁት፣ ቅዳሜ ያሳየሁት

እስከ ዛሬ ሦስት የነፍስ አባት ነበረኝ፤ ሁለቱ ዐርፈውብኛል፣ አንደኛው አሁንም አሉ። ለሦስቱም ሌላ ሌላውን ኃጢአቴን ስዘረግፍ ይህችን ብቻ ከምላሴ ሥር ደብቄ ኖሬያለሁ። ለእናንተ የምነግራችሁ ስለማታውቁኝ ነው። አንድ ነገር ግን አስቀድሜ ልናገር፤ እኔ ጉረኛ ሰው ነኝ። መሐል ላይ ጉራ ቢገባበት አትደነቁ፤ በደሉም የተወለደው ከዚያው ነው።

በደርግ ዘመን መጨረሻ ላይ እስቴ፣ መካነ ኢየሱስ ከተማ ራዲዮ ጠጋኝ ነበርኩ። ከዚያ በፊት ጋይንት፣ ቤተ ልሔም ገዳም ገብቼ የቤተ ክርስቲያን ዜማ፣ ድጓ ስማር ቆይቼ፣ ሳልጨርስ አቋርጬ ነው የመጣሁት። አገሬው ለዚህ ምሕረት አልነበረውም። "መሪጌታ ሽቦ" ይሉኝ ነበር። ካህናቱ እንደ ከዳተኛ ያዩኛል፣ የተማሩት ደግሞ እንደ ደብተራ። ጆሮዬ ግን የድጓ ቤት ጆሮ ነው። ዜማ ፀጉር ታህል ዝቅ ስትል የኔታ በዘንግ እየመቱ አስለምደውኛል። ራዲዮም የምጠግነው ከዓይኔ ይልቅ በጆሮዬ ነበር።

ታዲያ ይርጋ የሚባል የከተማችን ልጅ ምሥራቅ ጀርመን ግብርና ተምሮ ተመለሰ። ከሻንጣው ውስጥ ኮምፒዩተር አወጣ። እንደ ጽሕፈት መኪና ቁልፎች የተደረደሩበት ጠፍጣፋ ነገር ነው፤ ፊደሉና ቁጥሩ የሚታየው አብሮ ባመጣው ትንሽ ቴሌቪዥን ላይ ነው። መብራቱን ከጎረቤት ወፍጮ ቤት ሳበ። ባለወፍጮው ከሞተሩ ጋር ዲናሞ አያይዞ ለጥቂት ቤቶች አምፖል ያበራ ነበርና፣ የይርጋ እናት የእማማ ዘነቡ ቤት ደግሞ ከወፍጮው ጀርባ ነው።

ጊዜው የሽምቅ ተዋጊ ወሬ ከጋይንትም ከስማዳም የሚናፈስበት ነበር። የማይታወቅ ዕቃ በቤት ማስቀመጥ ቀልድ አይደለም። ሰኞ ዕለት የቀበሌው ሊቀመንበር ጠባቂዎቹን አስከትሎ መጣና "ሥራውን አሳየን" አለ። ይርጋ ሲያበራው ፊደሉ ተኮማተረ፣ ተንቀጠቀጠ፣ ወደ ላይ ይሮጥ ጀመር። ይርጋ ያላዞረው ቁልፍ፣ ነቅሎ ያልሰካው ሽቦ የለም።

"ሒሳብ ይሠራል ያልከን ይኸ ነው? ይኸማ ወሬ ማቀበያ ነው!" አለ ሊቀመንበሩ።

ይርጋ የዚያኑ ዕለት ቀበሌ ታሰረ። ምስሉ ቀጥ ብሎ ሒሳብ ሲሠራ ካልታየ ወደ አውራጃ ይላካል ተባለ። አውራጃ የተላከ ሰው እንዴት እንደሚሆን ደግሞ የማያውቅ አልነበረም።

እንድመረምር የተጠራሁት እኔ ነኝ። ማክሰኞ ጠዋት ጠባቂው ደጃፉ ላይ ተቀምጦ እያየኝ ኮምፒዩተሩንና ቴሌቪዥኑን አበራሁና ዓይኔን ጨፈንኩ። አዎ፣ ጨፈንኩ! ወፍጮው ባዶውን ሲዞር ድምፁ ወደ ላይ ይወጣል። እህል ሲፈስበት ድንጋዩ ይነክሳል፣ ሞተሩ ያምጣል፣ ድምፁ ይወርዳል። ልክ ሲወርድ ዓይኔን ብገልጥ ፊደሉ ተኮማትሯል። የምታስፈጨው ሴትዮ ገብስ እስኪያልቅ ጠበቅሁ፤ ድምፁ ወጣ፣ ፊደሉም ቀጥ ብሎ ቆመ። ሌላዋ ስልቻዋን ገለበጠች፤ እንደገና ወረደ፣ እንደገና ተኮማተረ። ኮምፒዩተሩም ቴሌቪዥኑም ደኅና ናቸው። ወፍጮው እህል ሲፈጭ ለዲናሞው ጉልበት አይተርፈውም፣ ሌላ ምንም የለም። አምፖል ደብዘዝ ቢል ማን ልብ ይላል? ከጀርመን የመጣው ምሁር ያላገኘውን እኔ መሪጌታ ሽቦ አገኘሁት! ልቤ ጮቤ ረገጠ።

ግማሽ ሰዓት አልፈጀብኝም። በዚያች ደቂቃ ቀበሌ ሄጄ ብናገር ይርጋ ለምሳ ቤቱ ይደርስ ነበር። አልሄድኩም። እኔ፣ እያወቅሁ፣ አልሄድኩም።

ለምን? ፈርቼ ነው? አልፈራሁም። ተጠራጥሬ ነው? ያለ ጥርጥር አውቄያለሁ። ማክሰኞ ብናገር የሚሰማኝ ሊቀመንበሩና አንድ የሚያንቀላፋ ጠባቂ ብቻ ስለሆነ ነው። ቅዳሜ ግን ገበያ ነው። ቅዳሜ ያ ሁሉ ያሾፈብኝ ሰው ከየገጠሩ ይሰበሰባል። ሊቀመንበሩ ምን እንዳገኘሁ ሲጠይቀኝ ፊቴን ኮስተር አድርጌ "ነገሩ ረቂቅ ነው ጓድ፣ ለቅዳሜ አደርሰዋለሁ" አልኩት።

እማማ ዘነቡ በቀን ሁለት ጊዜ ለልጃቸው ስንቅ ይዘው በሱቄ በኩል ያልፋሉ። "ልጄ፣ ምን አየህለት?" ይሉኛል። "እየሠራሁ ነው እማማ፣ አይዞዎት" እላቸዋለሁ። ምን ነበር የምሠራው? ቅዳሜ የምናገረውን ቃል እያሳመርኩ ነበር።

ሐሙስ ዘነበ። እማማ ዘነቡ ወደ ቀበሌው በሚያወጣው ዳገት ላይ አንሸራትቷቸው ወደቁ፤ የቀኝ እጃቸው አንጓ ተሰበረ። ወጌሻ በቀርከሃ እንዳሰረላቸው እዚያው ሱቄ ተቀምጬ ሰማሁ። ያን ጊዜስ መናገር አልነበረብኝም? ተነሣሁ፣ ጋቢዬን ደረብኩ፣ በሩ ድረስ ሄድኩ። ከዚያ ተመልሼ ተቀመጥኩ። ሁለት ቀን ብቻ ቀርቷል ብዬ ተመልሼ ተቀመጥኩ።

ቅዳሜ ደረሰ። ቴሌቪዥኑን ከነኮምፒዩተሩ ወደ እማማ ዘነቡ ደጅ አስወጥቼ ጥላ ሥር አስቀመጥኩት። ገበያተኛው ግቢውን ሞላ፣ አጥር ላይ ወጣ። ይርጋን ሁለት ጠባቂ ይዘው አመጡት፤ ጢሙ አድጓል፣ ቀና ብሎ አያይም። ፊደሉ እየተንቀጠቀጠ ይሮጣል፣ ሰዉም ያጉረመርማል። እኔ ወፍጮ ቤቱ በር ላይ ቆሜ እጄን አነሣሁና "እህል እንዳይጨመር!" አልኩ።

"ኧረ ገብሳችን ይፈጭበት! ላንተ ሥዕል ብለን ልጆቻችን ጦም ይደሩ?" ብላ አንዷ ጮኸችብኝ።

ድንጋዩ ባዶውን ዞረ፣ ድምፁ ወጣ፣ ፊደሉ ቀጥ ብሎ ቆመ! እጄን አወረድኩ፤ ገብሱ ፈሰሰ፣ ፊደሉ ተኮማተረ። እጄን አነሣሁ፤ ቆመ። ማኅሌት የምመራ ነበር የሚመስለኝ። ለሦስተኛ ጊዜ እጄን ሳነሣ፣ ስትጮህብኝ የነበረችው ሴትዮ ራሷ ስልቻዋን አቅፋ "እኔ አልጨምርም፣ አሠራው!" አለች።

ሊቀመንበሩ ከአስተማሪ ጋር አስልቶ በኪሱ የያዘው ወረቀት ነበረው። "አሥራ ሰባት ጊዜ ሃያ ሦስት!" አለ። ይርጋ ቁልፎቹን ነካካ። ሦስት መቶ ዘጠና አንድ ወጣ። ሊቀመንበሩ ወረቀቱን አየ፣ ቴሌቪዥኑን አየ፣ ደግሞ ወረቀቱን አየ። "ፍቱት" አለ።

እልልታው! ከዚያ በኋላም በፊትም እንደዚያ ያለ እልልታ ሰምቼ አላውቅም። ትከሻ ላይ አወጡኝ፤ መሪጌታ ሽቦን ትከሻ ላይ አወጡት! ይርጋ አንገቴ ላይ ተጠምጥሞ አለቀሰ። ከመካነ ኢየሱስ እስከ ወገዳ የተበላሸ ራዲዮ ሁሉ ወደ እኔ ይመጣ ጀመር፣ ያ ቅጽል ስምም የማዕረግ ስም ሆነልኝ።

ከትከሻ ሲያወርዱኝ እማማ ዘነቡ ከፊቴ ቆመው ነበር። "ልጄን ከሞት አወጣህልኝ፣ እድሜህን ያርዝመው" ብለው መረቁኝ። የመረቁኝ በግራ እጃቸው ነው፤ ቀኙ በቀርከሃ ታስሮ አንገታቸው ላይ ተንጠልጥሏል። እኔም ጎንበስ ብዬ "አሜን" አልኩ። ሦስት ጊዜ አሜን አልኩ። እጃቸው ጠምሞ ስለጠገገ ከዚያ ወዲህ እስኪሞቱ እንዝርት ማሾር አልቻሉም። መንገድ ባገኙኝ ቁጥር ግን ምርቃቱን ይደግሙልኝ ነበር፣ እኔም እቀበል ነበር።

ይህን ለነፍስ አባቶቼ ያልተናገርኩት ለምን እንደሆነ አሁን ሳስበው ይገባኛል። ንስሐ የሚገባ ሰው በደሉን ሊጠላው ይገባል። የእማማ ዘነቡን እጅ ሳስታውስ ራሴን እጸየፋለሁ። ያ እልልታ ትዝ ሲለኝ ግን፣ እግዜር ያሳያችሁ፣ ዛሬም ደረቴ ይነፋል። በዚህ ሽበቴ ብቻዬን ተቀምጬ እስቃለሁ። ይርጋ በከንቱ የታሰረባቸውን አራት ቀን መልስ ብባል እመልሳለሁ፤ ቅዳሜን መልስ ብባል ግን እጄ አይፈታም። ታዲያ ምን ብዬ ነው ይቅር በሉኝ የምላችሁ? አልላችሁም።

ይርጋ በሕይወት አለ። ይህን አንብቦ ቢመጣ ደጄ ክፍት ነው፤ የሚለኝን ሁሉ ይበለኝ፣ ቁጭ ብዬ እሰማዋለሁ እንጂ አንዲት ቃል አልመልስለትም።