ያልተጠሩት ስድስት ሰዎች

ለመጨረሻ ጊዜ አብረን የሠራነው ሥራ ክራቫት መምረጥ ነበር። ብሩክሊን ሴንተር ባለው ቤታችን ባለቤቴ ሁለት ክራቫት አልጋው ላይ ዘርግቶ የቱ እንደሚሻል ጠየቀኝ። ሰማያዊው አልኩት። "እሱን ካሰርኩማ ሚዜ ነው የሚሉኝ" ብሎ ቡናማውን አነሳ። በማግስቱ ችሎት ነበረው። የዚያኑ ቀን ከሰዓት በኋላ ጠበቃችን ደውላ ቀጠሮው ለአምስተኛ ጊዜ እንደተላለፈ ነገረችን። በዚያው ሳምንት ልቡ ቀጥ ብላ ሞተ። ቡናማውን አስረን ቀበርነው።

የተከሰሰው፣ በሚነዳው ታክሲ የተሳፈረ አንድ ሰው ገፍትሮኛል ስላለ ነው። ጥፋተኛ ነኝ ብሎ ከፈረመ እስር እንደማይኖር አቃቤ ሕጉ ቃል ገባለት። ሽማግሌዎች ቤት ድረስ መጥተው ፈርምና ተገላገል አሉት። እኔም፣ ይቅር ይበለኝ፣ ፈርም ብዬዋለሁ።

"አልነካሁትም። ስድስት ሰው ቁጭ ብሎ ይስማኝና የፈለገውን ይፍረድ" አለ። ጁሪውን ማለቱ ነው፤ ከነዋሪው ተጠርተው ጥፋተኛ ነው ወይም አይደለም የሚሉትን ስድስት ተራ ሰዎች።

ሁለት ዓመት ጠበቀ። አንዴ ዳኛ የለም፣ አንዴ አዳራሽ የለም፣ አንዴ የባሰ ክስ ይቅደም ተባለ። አሁን በሬዲዮ፣ ሥራ የሚያጓትተው ጁሪ ነው፣ ትንንሹን ክስ ዳኛ ብቻውን ይጨርሰው የሚል ሰው ስሰማ ሬዲዮኑን እዘጋዋለሁ። ለማን ነው ትንሹ? ባሌ በዚያ ክስ ሥራውንም ስሙንም ሊያጣ ነበር። ወረፋ ስለረዘመ በር ይዘጋል እንዴ? ስድስቱ ሰዎች አንድ ቀን እንኳ አላስጠበቁትም። አልተጠሩምና።

ከቀብሩ በኋላ ተከሳሹ በመሞቱ ክሱ ተዘግቷል የሚል ወረቀት መጣ። ይዤው ፍርድ ቤት ሄድኩና፣ አልገፈተረም የሚል እንዲጨመርበት ጠየቅሁ። ጸሐፊዋ በትሕትና እንደማይቻል ነገረችኝ። ያንን ማለት ይችሉ የነበሩት ስድስቱ ብቻ ነበሩ።

በራሴም እናደዳለሁ። ከዓመታት በፊት የጁሪ መጥሪያ ለእሱ ደርሶት ነበር። እኛ ሰፈር መጥሪያ ሲመጣ እንግሊዝኛ አልችልም ብሎ መመለስ የተለመደ ነው። የእጅ ጽሑፍሽ ያምራል ብሎ ቅጹን ሰጠኝ፤ ጻፍኩለት። ቀኑን ሙሉ በእንግሊዝኛ ከተሳፋሪ ጋር ሲጨቃጨቅ ለሚውል ሰው፣ አይችልም ብዬ ጻፍኩ። ስቀን ፖስታውን አሸግን። ያን ጊዜ እሱ ሊሰማው ይገባ የነበረ ሌላ ተከሳሽ እንዳለ አንዳችንም አላሰብንም።

አሁንም እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰዎች መጥሪያቸውን ያመጡልኛል። ቅጹን እሞላላቸዋለሁ። ለሚችል ሰው አልችልም ብዬ አልጽፍም። የትኛው አውቶቡስ ፍርድ ቤት እንደሚያደርሰው እነግረዋለሁ።