ቡላን ከጥበቃ ለማውረድ

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የወረድኩት ለገበያ ወይም ለዘመድ ጥየቃ ቢሆን ባልተናደድኩ። የወረድኩት ለውሻ ነው። የደርግ ጦርነት መጨረሻው አካባቢ ነበር። ታናሽ ወንድሜ ሰይድ ኮምቦልቻ ዳር የጦር መጋዘን ሲጠብቅ እግሩን በጥይት ተመቶ ደሴ ሆስፒታል ተኝቷል። ቁስሉ መርቅዟል፤ ሐኪሙም "እግሩ ዛሬ ካልተቆረጠ ነፍሱ አትተርፍም" ብሎናል። ሰይድ ግን አልፈርምም አለ።

"እታለም፣ ቡላን በሩን ጠብቅ ብዬው ነው የተመታሁት። ካልቀየሩት አይነሳም፣ አይበላምም። ስንቴ ከሞት ያስጣለኝ ነው። እሱን አምጪልኝና የፈለጉትን ይቁረጡ።"

"እግርህ እየበሰበሰ ስለ ውሻ ታወራለህ?" አልኩት። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ስወጣ ከኋላዬ ተጣራ። "በሩ ላይ ቀጥ ብለሽ ቁሚ፣ እግርሽን ምቺና 'ተረክቤያለሁ' በይው። እኔ እንደዚያ ነው የምቀይረው።" ትኩሳቱ ነው የሚያስለፈልፈው ብዬ ትቼው ሄድኩ።

ቁልቁለቱ

የይለፍ ወረቀት ለማግኘት ቀበሌ ደጃፍ ስንገላታ ረፈደብኝ። ጸሐፊው የጉዞዬን ምክንያት ሲጠይቀኝ "ዘመድ ጥየቃ" አልኩ፤ ውሻ ላመጣ ነው ብል ማን ይሰጠኛል? ከፒያሳ የያዝኩት አውቶቡስ የሐረጎን ቁልቁለት ሲወርድ በየጠመዝማዛው ለወታደር መኪና መንገድ እየለቀቀ ይቆማል። ኬላው ላይ ደግሞ ሁላችንም ወርደን ተፈተሽን። አጠገቤ የተቀመጡ ሽማግሌ ወዴት እንደምሄድ ጠየቁኝ። እውነቱን ነገርኳቸው።

"ያረቢ፣ ሰው በሚያልቅበት ዘመን ለውሻ?"

"ወላሂ አባባ፣ እኔም ያልኩት ይህንኑ ነው።"

ኮምቦልቻ ስደርስ ሙቀቱ የደሴን ሹራብ አስወለቀኝ። ከሥጋ ቤት ትንሽ ቁርጥራጭ ለምኜ በፌስታል ይዤ ወደ መጋዘኑ በእግሬ ሄድኩ።

የመጋዘኑ በር

ቡላ ጆሮው የተቀደደ አመድማ ውሻ ነው። በሩ ሥር ተጋድሟል፤ የጎድን አጥንቱ ይቆጠራል። የጣሉለት እንጀራ ፊት ለፊቱ ደርቋል። የሰይድ ጓዶች ወደ ግንባር ሄደው በምትካቸው ሌሎች ገብተዋል። አዲሱ አሥር አለቃ በጨርቅ የተጠቀለለ እጁን አሳየኝ።

"ልንወስደው ስንል ነከሰን፤ እህቴ፣ ከቻልሽ ገላግይን።"

ሥጋውን ዘረጋሁለት፤ ዞርም አላለ። በገመድ ብስበው ጥርሱን አወጣብኝ። ለመንኩት፣ ሰደብኩት። ወንድሜ እዚያ እየመረቀዘ እኔ እዚህ ከውሻ ጋር እሟገታለሁ! ሌላ መላ ስላጣሁ በወታደሮቹ ፊት ቀጥ ብዬ ቆምኩ፣ እግሬን መታሁና "ተረክቤያለሁ" አልኩ። ከኋላዬ ሳቁብኝ።

ቡላ ተነሳ። ተንጠራራ፣ ሥጋውን እንዳለ ዋጠና መጥቶ ቀሚሴን አሸተተ። ወታደሮቹ ሳቃቸውን አቆሙ። አሥር አለቃው "በአንድ ቃል ነው እንዴ?" ብሎ እጁን አየ።

ዳገቱ

መናኸሪያ የአውቶቡሱ ረዳት ከለከለኝ። "እቴ፣ የሚሰግድ ሰው ነው የጫንኩት። ልብሱን በውሻ ለሃጭ ነጃሳ ልታደርጊበት ነው?" እኔም ሰጋጅ ነኝና ምን ብዬ ልከራከር? ተመልሼ አሥር አለቃውን ለመንኩት፤ ወደ ደሴ በሚወጣ የወታደር መኪና ላይ፣ ከሣጥኖች መሐል ጫነን። ቡላ አፉን ጭኔ ላይ አስደግፎ ሐረጎን እስክንጨርስ ለሃጩን አዝረበረበብኝ። ቀሚሴን ሰባት ጊዜ ማጠቤ ነው እያልኩ ተነጫነጭኩ።

የሆስፒታሉ ዘበኛ ውሻ አይገባም አለ። በጓሮ ዞሬ የሰይድን መስኮት አንኳኳሁ። ሰይድ በክርኑ ተደግፎ እጁን ሰደደ፤ ቡላ በኋላ እግሮቹ ቆሞ እጁን ይልሰው ጀመር። ወንድሜ ሲያለቅስ ከልጅነቱ ወዲህ አላየሁትም። ከዚያ ቡላን "ጠብቅ" አለውና ለነርሷ "አምጪው፣ ልፈርም" አላት። ወዲያው ወሰዱት።

ሲነቃ ሊመሽ ነበር። ስለ እግሩ አልጠየቀም።

"እታለም፣ ጥበቃው ማን ጋ ነው?"

ወደ መስኮቱ ሄጄ ቀጥ ብዬ ቆምኩ፣ እግሬን መታሁ። "ተረክቤያለሁ" አልኩ። ውጭ ቡላ ተነስቶ ሲራገፍ ይሰማል። ሰይድ ዓይኑን ጨፈነ።

ቧንቧ ውሃ ሰፈር ያለው ቤታችን ስንደርስ እናቴ ደጃፉን ዘግታ ቆመች። "ይህ ደግሞ ምንድን ነው?"

"የሰይድ ጓድ ነው። ሰይድ ተርፏል፤ እግሩ ግን ሄዷል።"

እናቴ ደፉ ላይ ቁጭ አለች። ከዚያ ተነስታ "ቤት ግን አይገባም" አለችና ከጣራው ክፈፍ ሥር አሮጌ ጆንያ አነጠፈችለት።

በዚህ ጉዞ የተማርኩት ጠብቅ የሚል እንደማይጠፋ፣ ሊቀይር የሚመጣ ግን እንደሌለ ነው። ከሰፈራችን ከሰይድ ጋር ለውትድርና የተወሰዱት ልጆች እናቶች ዛሬም ስለ ልጆቻቸው ይጠይቁኛል። የት በር ላይ እንደቆሙ ባውቅ ሄጄ እግሬን እመታ ነበር።