የገሠሠ ወስፌ

አሰጋሽ፣ ባሏ ገሠሠ ለአደን በወጣ ቀን፣ ጥይቱ ከአውሬው ገላ የት እንዳረፈች የምታውቀው በመመለሻው ሰዓት ነበር። ለምሳ ከደረሰ ሳንባ ነው። ጥላ ሲረዝም ከመጣ ጉበት ነው። በማግስቱ ቁምጣው በእሾህ ተተልትሎ ከገባ ደግሞ አንጀት ነው፤ ያኔ ሥጋም የለም፣ ጥንብ አንሣ ቀድሞታል። አንድም ቃል ሳትጠይቀው ወይ ድስቱን ትጥዳለች፣ ወይ መልሳ ትሰቅላለች።

ሁለቱ ከአርማጭሆ የወጡት በሰባ ሰባቱ ክፉ ቀን ነው። የሰባት ዓመት ልጃቸውን መክሊትን ይዘው ሱዳን፣ ኡም ራኩባ የስደተኞች ካምፕ ደረሱ፤ ከዝናቡ በኋላ እንመለሳለን ብለው አንዲት ጎጆ ቀለሱ። ዝናቡ አሥራ አንድ ጊዜ መጣና ሄደ። ገሠሠ በዚህ መሐል ኢሀብ የሚባል ሱዳናዊ ባለ እርሻ ዘንድ የማሽላ ጠባቂ ሆነ። ኢሀብም ዝንጀሮና ጅግራ ማባረሪያ ብሎ አንዲት ቀጭን ጠመንጃ ሰጠው። አፈሙዟ እርሳስ እንኳ አያስገባም። ጥይቷ ከሽምብራ ፍሬ እምብዛም አትበልጥም። ስትተኮስም ደረቅ እንጨት የተሰበረ ነው የሚመስለው። የሰፈሩ ሰው አይቶ ሳቀና «የገሠሠ ወስፌ» አላት፤ ስሟ ይኸው ሆኖ ቀረ።

ገሠሠ ግን በወስፌው ሚዳቋ ይጥል ነበር፤ ሲቀናውም ድኩላ። «ትንሽ ጥይት ትልቅ ትዕግሥት ትፈልጋለች» ይላል፣ ጠያቂ ቢኖርም ባይኖርም። «ከስድሳ እርምጃ ወዲያ አትሞክር። የፊት እግሩን በዓይንህ ይዘህ ውጣ፣ ከብብቱ ትንሽ ኋላ። እዚያ ካገባሃት ትበቃለች። ትከሻው አጥንት ላይ ካረፈች ግን ዝንብ ነው ብሎ ነው የሚያልፋት።» እውነቱን ነበር። አንድ ጊዜ አሰጋሽ የድኩላ ሥጋ ስትዘለዝል ከትከሻው አጥንት ላይ የተጣበቀች፣ ሥጋ የበቀለባት አሮጌ ጥይት አገኘች። ገሠሠ አገላብጦ አያትና «የአምናዋ ናት! አየሽ፣ አልሳትኩትም ብዬሽ ነበር» አለ።

«አንተ አልሳትክም፤ እሱም አልሞተም» አለችው።

አደኑ ብቻውን አልነበረም። ጀማሉ የሚባል የጎንደር እስላም፣ በካምፑ ገበያ ጨውና ሳሙና የሚሸጥ፣ እንደ ሰጎን የሚሮጥ ጎረቤት ነበራቸው። ገሠሠ ተኩሶ ቁጭ ይላል። ደሙን አይተው ይነጋገራሉ፤ ሮዝና አረፋ ያለው ከሆነ ቅርብ ነው፣ ጠቆር ካለ ቀስ በል፣ የሣር ፈርስ ከተቀላቀለበት ስንቅህን ያዝ። ከዚያ ጀማሉ ይሮጣል። አውሬው ተዳክሞ ተኝቶ፣ ዓይኑ ግን ቁልጭ እንዳለ ያገኘዋል፤ ቀንዱን ይይዛል። ተራው የገሠሠ ከሆነ ገሠሠ ደርሶ በስመ አብ ብሎ ያርዳል፣ ሥጋው ለክርስቲያኖቹ ነው። ተራው የጀማሉ ከሆነ ቢስሚላህ ብሎ ያርዳል፣ ለእስላሞቹ ነው። የአንዱ ቤት በጥብስ ሲያድር የሌላው በሽሮ ያድራል። ስምንት ዓመት ሙሉ በዚህ አልተጣሉም።

በሰማንያ ስምንት ዓመተ ምሕረት መክሊት ታጨች። እጮኛዋ መተማ አጠገብ ሰሊጥ የሚያርስ የአያ መንግስቱ ልጅ ነበር፤ ሠርጉም ከጥምቀት በኋላ ባለው ሳምንት ተቆረጠ። አሰጋሽ እንቅልፍ ያጣችው በአንድ ነገር ነው። ፍየሎቿ በዚያው ዓመት በሽታ ገብቶባቸው አልቀዋል። የገበያው ሥጋ ሁሉ እስላም ያረደው ነው፣ አማቾቿ አይነኩትም። ያለ ሥጋ ደግሞ «እናቷ በጎመን ሸኘቻት» የሚል ቃል ልጇን እስከ ልጅ ልጅ ይከተላታል። ጀማሉ ይህን ያውቃል። ተራው የእሱ ነበር፤ «ለመክሊት ይሁን፤ የኔን በሌላ ቀን» ብሎ ለገሠሠ ተወለት።

ሳምንት ሲቀር አያ መንግስቱ ለወግ መጣ። ሰውነቱም ድምፁም ትልቅ፣ ምንሽሩን በገላባት ኬላ ሳይሆን በጫካ ለጫካ ያሳለፈ ሰው። ከደጃፉ የሣር ጥላ፣ ከራኩባው ሥር አረፍ እንዳለ ዓይኑ ወስፌዋ ላይ ወደቀ።

«ይቺ ምንድን ናት? የጥርስ መፋቂያ ናት?»

«ጠመንጃ ናት፣ አያ መንግስቱ» አለ ገሠሠ።

«ድኩላ ብትመታባት ያስነጥሰው እንደሆነ እንጂ ምን ይሆናል!»

«ጥይት ቦታውን ካወቀ . . .»

«ተው እንጂ! ለኔ ልጅ ሠርግማ በወስፌ አይታደንም።» ምንሽሩን ከአምስት ጥይት ጋር አስታቀፈው። «አንዷ ትበቃሃለች። አራቱን መልስ።»

ገሠሠ ያን ሳምንት አንገቱ ረዘመ። ምንሽሩን ይወለውላል፣ ያነግታል፣ ሽንት ቤት እንኳ ይዞት ይሄዳል። ወስፌዋ ግድግዳው ላይ ተሰቅላ ዶሮዎች ያርፉባት ጀመር። አሰጋሽ እያየች አሳለፈችለት። ስምንት ዓመት የተሳቀበት ሰው አንድ ሳምንት ቢኮራ ምን አለበት?

በሠርጉ ዋዜማ፣ ገና ረፋድ ላይ፣ ከኾሩ፣ ከደረቁ ወንዝ ወዲያ ተኩስ ተሰማ። የወስፌዋ ድምፅ ቤት ደርሶ አያውቅም ነበር፤ ይኸኛው ግን ድስቶቹን አንቀጨቀጨ። ብዙም ሳይቆይ ገሠሠና ጀማሉ በአህያ ጭነው መጡ። ወንድ ድኩላ ነው፣ የሰባ። አሰጋሽ እልል አለች። እንዲህ ቀድሞ የደረሰበት ቀን የለም፤ ሳንባም እንዲህ አይፈጥንም።

ጀማሉ ግን እንደ ወትሮው አልተቀመጠም፣ አልቀለደም። «ሱቁን ዘግቼ ነው የመጣሁ» ብሎ ዓይኗን ሳያይ ሄደ። ገሠሠም ለዳሱ እንጨት ልቁረጥ ብሎ ወጣ።

አሰጋሽ ቢላዋዋን አነሣች። አንደኛው ትከሻ ተፈጭቶ አጥንቱና ፀጉሩ አንድ ሆኗል፤ ጥይቷ የወጣችበት ቀዳዳ ጡጫዋን ያስገባል። ይህስ ይሁን። አንገቱ ታርዷል፤ ነገር ግን የጉሮሮው ፀጉር ደም አልነካውም። ሥጋውን ስትቆርጠው ጠቁሮ ደም አዝሎ አገኘችው። ሃያ ዓመት ሥጋ የዘለዘለች ሴት ነች፤ ማንም እንዲነግራት አላስፈለጋትም።

ገሠሠ ሲመለስ «ስታርደው ነፍስ ነበረው?» አለችው።

«ነበረው እንጂ! ዓይኑን አርገብግቧል።»

«የሱን ዓይን ነው ወይስ ያንተን?»

እንጨቱን አስቀመጠ። ቁጭ አለ። «አንድ እግር አላነሣም፣ አሰጋሽ። ከቆመበት እንደ ጆንያ ወደቀ። ጀማሉ እንደ ንፋስ ነው የሮጠው፤ ቢደርስ . . . ኸላስ፣ አልቋል። እኔም ደርሼ አረድኩ። ደም እምቢ አለ።»

«በክት ነዋ።»

«ማን ያውቃል? እኔና ጀማሉ ነን። እሱ ደግሞ አይናገርም።»

ከጎጆው ውስጥ መክሊት ሒናዋ እንዳይበላሽ እጇን ዘርግታ ተቀምጣ ከጓደኞቿ ጋር ትስቃለች። አሰጋሽ ሥጋውን አጠበችው። ውሃው ቀላ፤ ደፍታ ደግማ አጠበች። በርበሬና ሰሊጥ ዘይት ቢበዛበት ማን ይለየዋል? አያ መንግስቱ የሚፈልገው ብዛቱን ነው። ድስቱን ጣደችው። ሽንኩርቱን ጨመረች።

በዚህ መሐል የጀማሉ ሚስት ራሒማ ትልቁን ድስቷንና አንድ ጆንያ ሽንኩርት ይዛ ለማገዝ ገባች። የተቆለለውን ሥጋ አየችና ደነገጠች። «እት አሰጋሽ፣ ጀማሉ ‹ሳንደርስ ሞተ፣ ለኛ ቢሆን ሐራም ነው› ብሎኛል እኮ። ለእናንተ ይሆናል ማለት ነው? እኔ የናንተን ደንብ አላውቅም።»

በክፋት አልነበረም፤ ከልቧ ነው የጠየቀችው። ለዚህ ነው አሰጋሽን የወጋት። የጥምቀትን ዋዜማ ጾም፣ ጋድን ሳትቀር የምትጾም ሴት፣ ደንቧን ለእስላም ጎረቤቷ ማስረዳት ሲያቅታት ራሷን ሰማች።

«አይሆንም» አለች በመጨረሻ። «ለእኛም አይሆንም።» ድስቱን አወረደችው።

ገሠሠ ራሱን ያዘ። «ነገ ምን ልታበያቸው ነው? የሰው ፊት አያሳፍርሽም?»

«ያሳፍረኛል። ይዘኸው ሂድ፣ ኾሩ ውስጥ ጣለው። ጅብ ደንብ የለውም።»

ሌላ አደን የሚታሰብ አልነበረም፤ ያ ተኩስ በዙሪያው ያለውን አውሬ ሁሉ አሰድዶታል። እሷና ራሒማ ሲከትፉ፣ ሲቀቅሉ ዋሉ። በማግስቱ ለሠርገኛው የቀረበው የደረቅ ባሚያ ወጥ፣ ወይካ፣ ምስር፣ ዱባ በሰሊጥ ነበር። ወይካው የራሒማ እጅ ያለበት፣ እንደ ማር የሚሳብ ነው። ቢሆንም ወይካ ያው ወይካ ነው።

አያ መንግስቱ መሶቡን አየ። ክዳኑን አነሣ፣ ሥሩንም አየ።

«ድኩላው የታለ?» አለ። «ተኩሱ ተሰምቷል ሲሉኝ ነበር እኮ!»

ገሠሠ አንገቱን ደፋ። አሰጋሽ የውሃ ማስታጠቢያውን እንደያዘች ቀጥ ብላ ቆመች።

«ጠመንጃዎ በላብን፣ አያ መንግስቱ።»

«ምን?»

«ጥይቷ ነፍሱን ይዛበት ሄደች። ለቢላዋ አንዲት ትንፋሽ አልተወችም። ባሌ በወስፌው ሲያድን ለቢላዋ ያደርስልናል፤ የእርስዎ ምንሽር ግን ኃይለኛ ነው፣ ለባርኮት አይታገሥም። በክት ላበላዎት? ለልጅዎ አማት ነኝና አላደረግሁትም።»

አንድ ጎረምሳ ሚዜ ፍርፍር ብሎ ሊስቅ ሲል የአያ መንግስቱን ፊት አይቶ ሳቁን ዋጠው። ሽማግሌው ነገሩን ሲያመዛዝን ታየ። ሥጋ የለም ብሎ ቢቆጣ ጥፋቱ የምንሽሩ ነው። ቢስቅ ራሱ ላይ ነው የሚስቀው። ጢሙን ጠረገ።

«እንዲህ ነው!» አለ ጮክ ብሎ። «የኔ ምንሽር እንዲህ ነው፤ አያላውስም! ሰማችሁ? አንድ እግር አላነሣም!» ከዚያም ወይካው ላይ ጎንበስ አለና ሦስት ጊዜ አስጨመረ። አራቱን ጥይት ቆጥሮ ተቀበለ። መክሊትን በዘፈንና በእልልታ ይዟት ሄደ።

አሰጋሽ ወራት ሙሉ «በጎመን ሸኘቻት» የሚለው ወሬ ከመተማ እስኪመጣ ጠበቀች። ወሬ መጣ፤ እሷ የጠበቀችው ግን አልነበረም። አያ መንግስቱ አገሩ ገብቶ «አማቾቼ ቤት በምንሽሬ የተጣለ ድኩላ ቀረበ፤ ከመብዛቱ የተረፈው ለጅብ ተሰጠ» ብሎ አውርቶ ኖሯል። ጅቡ እውነት ነው። ምንሽሩም እውነት ነው። ማን ይከሰዋል?

በሁለተኛው ዓመት ለልጅ ልጇ ክርስትና መተማ ወረደች። ገና ሳትቀመጥ የሰፈሩ ሴቶች ከበቧት።

«እት አሰጋሽ፣ ያን የድኩላ ሥጋ እንዴት አድርገሽ ነው ያለሰለስሽው? አያ መንግስቱ እስከ ዛሬ ጣዕሙ ከአፌ አልጠፋም ይላል እኮ!»

አሰጋሽ ዞር ብላ አየችው። አያ መንግስቱ ከዳሱ ጥግ ተቀምጦ የጠላ ዋንጫው ውስጥ የወደቀ ነገር እንዳለ ሁሉ አቀርቅሮ ይመረምራል። በክት አላበላም ብላ ማፈርን የመረጠችበትን ቀን አሰበች። አሁን እውነቱን ብትናገር የምትዋረደው መክሊት ናት።

«በሰሊጥ ዘይት አሽቼ አሳደርኩት» አለች።

«ሽንኩርቱስ?»

«ሽንኩርቱ ብዙ ነው። እሳቱ ደግሞ ለስለስ ይበል።»

መክሊት ሕፃኑን የታቀፈችበት ነጠላ ውስጥ ፊቷን ቀበረች፤ ትከሻዋ በታፈነ ሳቅ ይንቀጠቀጥ ነበር። ሴቶቹ የደስታ እንባ መሰላቸው።