አመድ የተበተነበት በረዶ

ጎሃር ሐያት በሁንዛ ተራሮች ሥር ባለች መንደር የውሃ አባት ነው። ሥራውን ከአባቱ ተረክቦ ጢሙ እስኪሸብት ይዞታል። ቦዩ የት እንደሚያፈስ፣ ተራው የማን እንደሆነ፣ ማን የጎረቤቱን ውሃ ሊሰርቅ እንደሚያደባ አብጠርጥሮ ያውቃል። ሰው ሲመክረው ግን አይወድም፤ በተለይ ዳዴ ስትል የሚያውቃት ልጅ ስትመክረው።

ያቺ ልጅ ሸሂላ ናት። ጊልጊት ከተማ ተምራ የውሃ ባለሙያ ሆናለች፤ ተራራው ላይ የወረደውን በረዶ ለክታ፣ ሙቀቱን ደምራ፣ ወንዙ በየወሩ ምን ያህል እንደሚያመጣ በኮምፒዩተር ታሰላለች። ዘር ከመዘራቱ በፊት መጥታ መንደሩን ሰበሰበች።

“ዘንድሮ በረዶው ትንሽ ነው። የታችኛውን ማሳ አትዝሩ፤ ስንዴው ሳያፈራ ውሃው ያልቅባችኋል።”

“ለመሆኑ ያንቺ ኮምፒዩተር በረዶ ነክቶ ያውቃል?” አላት ጎሃር። ሰው ሁሉ በሳቅ ፈነዳ። ሸሂላም አብራ ሳቀች፤ ምን ታድርግ።

ከዚያ መንደሩ ውሃ ሲዘገይበት የሚያደርገውን አደረገ። በብርዱ ወራት ከየምድጃው የተጠራቀመውን አመድ በከረጢት ተሸክሞ ወጣና በረዶው ላይ በተነው። የጠቆረ በረዶ የፀሐይ ሙቀት ይስባል፣ ቶሎ ይቀልጣል። አያቶቻቸውም ይህንኑ ያደርጉ ነበር፤ እነሱ ግን ጥቂት በትነው ይወርዳሉ። ጎሃር እልህ ይዞት የመንደሩን አመድ ሙልጭ አድርጎ አስወጣው።

ውሃው መጣ፣ ያውም ቦዩን ሞልቶ እያገሳ። ጎሃር ደረቱን ነፍቶ በመንደሩ ውስጥ ተንጎራደደ። ማሳዋ ከቦዩ መጨረሻ ላይ ያለ፣ ባሏ የሞተባት ልጁ ጉልሻን ልትጠይቀው መጣች።

“አባዬ፣ ልዝራ ወይስ ይቅርብኝ? ያለኝ ለልጆቹ ያስቀመጥኩት እህል ብቻ ነው።”

“ዝሪ እንጂ! ጆሮ የለሽም እንዴ? ውሃው ሲጮህ አትሰሚም?”

ዘራችው። የታችኛው ማሳ ሁሉ ተዘራ።

ስንዴው ጉልበት ላይ እንደደረሰ አንድ ጠዋት ቦዩ ውስጥ ያለው ውሃ ቁርጭምጭሚት እንኳ አልሸፍን አለ። ጎሃር ቦዩ የተሸረሸረ መስሎት እያየ ሽቅብ ወጣ። ቦዩ ላይ የተከለችውን የውሃ መለኪያ መሣሪያ ልትፈትሽ የመጣችው ሸሂላም አብራው ወጣች። የተሸረሸረ ነገር የለም። በረዶው ወደሚተኛበት ሜዳ ሲደርሱ ጎሃር ክው አለ። ሜዳው ራቁቱን ቀርቷል፤ ድንጋይ ብቻ ነው፣ በድንጋዩም መሃል ጥቁር ጭቃ።

“በረዶውስ? እዚህ የነበረው በረዶስ?”

ሸሂላ ከጭቃው ቆንጠር አድርጋ በጣቷ አሸችው። ፊቷ አመድ መሰለ።

“የስንት ቤት አመድ ነው የበተናችሁት?”

“የሁሉንም።”

“ጉድ ፈላ! ውሃው ከስሌቴ ሲበልጥብኝ መሣሪያው የተበላሸ መስሎኝ እኮ ነው የመጣሁት! ጋሼ፣ አመድ ያፈጥናል እንጂ በረዶ አይጨምርም። የሐምሌን ውሃ በግንቦት ጠጥታችሁታል።”

ጎሃር ባለበት ዘጭ አለ። ዕድሜውን ሙሉ ውሃ ሲያካፍል የኖረ ሰው ይህ እንዴት ይጠፋዋል? ያን ሁሉ ግሳት እንደ ጥጋብ ቆጥሮት ነበር።

ሸሂላ እዚያው ተቀምጣ እንደገና አሰላች። የቀረው ከላይ ካለችው ትንሽ የበረዶ ግግር የሚንጠባጠበው ብቻ ነው፤ እሱም የላይኛውን ማሳ ቢያደርስ ነው። የጎሃር ማሳ ደግሞ ከላይኞቹ ነው።

“የኔን ዘግቼ ለጉልሻን ብለቅላትስ?”

“እሷ ጋ ሳይደርስ አሸዋው ይጠጣዋል። ያንተም የእሷም ይደርቃል።”

እውነቷን ነው። ያን አሸዋ ከእሱ በላይ የሚያውቀው የለም።

ውሃው ለላይኞቹ እንዲተርፍ የታችኞቹ ማሳዎች የውሃ መግቢያ በር መደፈን አለበት፤ ይህም የውሃ አባት ሥራ ነው። አካፋውን ይዞ ወረደ። ጉልሻን አረም ትነቅላለች፤ ስንዴዋ ከማንም የበለጠ ለምልሟል።

“ተራዬ ነገ አይደል እንዴ አባዬ?”

አንድም ሳይደብቅ ነገራት። ቀና ብላ አየችው፣ ስንዴውን አየች፣ መልሳ እሱን አየችው።

“አንተ እኮ ነህ ዝሪ ያልከኝ!”

“እኔ ነኝ ልጄ።”

አካፋውን አፈሩ ውስጥ ሰካ፤ ማንሳት ግን አቃተው። ጉልሻን ቆማ አየችው፤ ከዚያ አካፋውን ከእጁ ወሰደችና የማሳዋን በር ራሷ ደፈነችው።