የናስ ቧንቧ ሊገዛ የወጣ ሰው

ግንቦት 3 ቀን 1930 ዓ.ም.። ቧንቧ ሻጩ ሐጂ ኑሩ ዛሬ ረፋድ ላይ በገዛ ቧንቧቸው እጃቸው ተሰበረ።

የመታጠቢያ ቤታችን ቧንቧ ስለተበላሸ ከልደታ ወደ ተክለ ሃይማኖት፣ እሳቸው ሱቅ ሄጄ ነበር። የሚያብረቀርቀውን ቅብ ቧንቧ አነሳሁ።

«እሱን ተወው ልጄ፣ ማንጠባጠብ ሲጀምር አይፈታም። ይሄ ናሱ ግን ቶሎ አይሞትም። የሚያልቀው ውስጡ ያለው ውሃ የሚዘጋው ቆዳ ነው፤ ካሮጌ ጫማ ቆርጠህ ትተካለህ» አሉኝ፣ በሁለት እጃቸው እየፈቱት።

አንድ የጣሊያን መኮንን ገባ። ለጣሊያን ቀኝ እጅ ዘርግቶ ሰላም ማለት ግዴታ ነውና ዘረጋሁ። የሐጂ እጆች ግን ሥራ ላይ ነበሩ።

«ትንሽ ይታገሡኝ ጌታዬ፣ ብሎኑ እንዳይወድቅብኝ» አሉት።

መኮንኑ ቧንቧውን ነጠቃቸው። ቀኝ እጃቸውን ባንኮኒው ላይ ተጭኖ ጣቶቻቸውን በቧንቧው ደጋግሞ ቀጠቀጠ። አጥንቱ ሲሰበር ተሰማኝ። ከዚያ ቧንቧውን ወርውሮ ወጣ።

ሐጂ እጃቸውን በጥምጥማቸው ጠቀለሉ። «አየኸው? ናሱ አልተጣመመም» አሉኝ። ገበያቸውን አይረሱም።

ይህ ደብዳቤ የሚደርሳችሁ ወዳጆቼ፣ ጣት አስተካክሎ የሚጠግን ወጌሻ የምታውቁ፣ እንዲህ የደረሰባችሁም ካላችሁ ጻፉልኝ። ሰውየው ያለ እጃቸው ቧንቧ አይፈቱም።

እኔ ቧንቧውን ወለሉ ላይ ትቼ፣ ሐጂን ደግፌ ወጥቻለሁ።