ጉም ሲኖር ብቻ የሚወጣው አባቴ

ዳይኖሰሩ ዛሬም መቱ ከተማ፣ ከቤቴ ጓሮ ቆሟል። የአንገቱ ብረት ዝጓል፣ የላስቲክ ቆዳው ተሰነጣጥቋል፣ ሆዱ ውስጥ ዶሮዎቼ እንቁላል ይጥሉበታል። ግቢውን አጣበበብሽ፣ ሽጪው የሚሉኝ ሰዎች አሉ። አባቴን ስለማያውቁት አልፈርድባቸውም።

አባቴ ነፍሱን ይማረውና፣ ከመቱ ጋምቤላ ጭነት ሲያመላልስ የኖረ ሹፌር ነበር። ድምፁ ከመኪናው ጥሩንባ አያንስም፤ ጎሬ ላይ ሆኖ ሲሳደብ መቱ ይሰማል እያሉ ጓደኞቹ ይቀልዱበት ነበር። ታዲያ አንድ ቀን ጠዋት ፊቱን ሲታጠብ ግራ ጎኑ ከዳው። ሐኪም ቤት ከርሞ ሲመለስ እግሩ ተሻለው፣ እጁም ከሞላ ጎደል ተሻለው፤ አፉ ግን ወደ አንድ ጎን እንደተጣመመ ቀረ። ንግግሩ ይጎተታል፣ አንዳንዴም ምራቁ ያመልጠዋል። ከዚያ ወዲያ ከቤት መውጣትን እርም አለ። እንግዳ ሲመጣ ጓዳ ይገባል፤ ብቻችንን ስንሆን እንኳ ፎጣውን እስከ አፍንጫው ተጠቅልሎ ነው የሚቀመጠው። የቅርብ ጓደኛው ሞቶ ልቅሶ አልሄድም ሲለኝ ጮህኩበት። ፎጣውን ጠበቅ አድርጎ ጓዳ ገባ። እኔ ደግሞ ቁጡ ነኝ፣ ስድብ እችላለሁ፣ ዝምታ ግን አልችልም። ያን ሰሞን ጓሮ እየሄድኩ አለቅስ ነበር።

በዚያን ጊዜ ከከተማው ዳር የልጆች መዝናኛ ከፍቼ ነበር። መዝናኛ ስል ዥዋዥዌ፣ አንድ ሸርተቴና ለስላሳ የሚሸጥበት ዳስ ማለቴ ነው። ለእንቁጣጣሽ ከአዲስ አበባ የመጣ ባዛር ያንን ዳይኖሰር ይዞ ከተማችን ገባ። በሞተር አንገቱንና ጅራቱን ያንቀሳቅሳል፤ ከእግሩ ሥር ደግሞ ፈሳሽ አሙቆ ነጭ ጉም የሚተፋ ትንሽ ማሽን አለው። ባለባዛሮቹ እንዳስረዱኝ፣ ያለ ጉሙ ዳይኖሰሩ ትልቅ አሻንጉሊት ነው። ጉሙ ሽቦውንና የቆመበትን ሲሚንቶ ሲሸፍንለት ነው ነፍስ የሚዘራው። ጉም ከአዲስ አበባ ድረስ ጭነው መምጣታቸው አሳቀኝ፤ ኢሉባቦር ውስጥ ብዙ ነገር ይጎድለናል፣ ጉም ግን አጥተን አናውቅም። ዝናቡ ባዛሩን በተነው፣ መንገዱ ጨቀየ፣ ያን ግዙፍ ነገር መልሶ መጫን ሲታክታቸው ለእኔ ሸጡልኝ። ዘመድ አዝማዱ ሁሉ አበደች አለ።

የመጀመሪያው ቅዳሜ ማለዳ አባቴን ለመንኩት። "አባዬ፣ ከጀርባው ሸራ ጋርጄበታለሁ፣ ማንም አያይህም። ማሽኑን ብቻ ታበራልኛለህ" አልኩት። በዋናው መንገድ አልሄድም አለ። በቡና ተክሎቹ መሃል በምታልፈው ቀጭን መንገድ፣ ፎጣውን ተጠቅልሎ፣ ከኋላዬ መጣ።

ልጆቹ ተሰበሰቡ። ጎረቤታችን እትዬም የልጅ ልጃቸውን እጇን ይዘው ከፊት ቆሙ። ማሽኑ ጉሙን ለቀቀ፣ ዳይኖሰሩ አንገቱን ቀና አደረገ፣ መብራትም እንደ ልማዱ ሄደ። አውሬው ሰማይ ሰማይ እያየ ተገትሮ ቀረ። ልጆቹ ማጉረምረም ጀመሩ፤ እኔም ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ደግነቱ ከሶር ወንዝ በኩል የተነሳው የእግዜር ጉም አጥሩን አልፎ ግቢውን ሞልቶት ነበር። በዚያ ጉም ውስጥ የዳይኖሰሩ አንገት ተንቀጠቀጠ፣ ወደ ቀኝ ዞረ፣ ከሆዱም የተጎተተ ጎርናና ድምፅ ወጣ። ልጆቹ እየጮሁ ወደ ኋላ ሸሹ፣ እየሳቁ ተመለሱ። እኔ ብቻ ደርቄ ቀረሁ። ወደ ሸራው ጀርባ አጮልቄ ሳይ፣ አባቴ ለጥገና በተተወችው ትንሽ በር ሆዱ ውስጥ ገብቶ፣ የአንገቱን ብረት በደህናው እጁ እየገፋ ያገሳል። ሰው እንዳይሰማው ለወራት የደበቀውን ያንኑ ድምፅ ነው የለቀቀው።

ከዚያ ወዲህ መብራት ቢኖርም ባይኖርም ሞተሩን አታብሪው አለኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከእኔ ቀድሞ ይነሳ ጀመር። ግን ጉም ካለ ብቻ ነው። ሰማዩ የጠራ እንደሆነ በመስኮት አየት ያደርግና "ዛሬ አይሆንም" ብሎ ተመልሶ ይተኛል። የእኔም ኑሮ ሰማይ ማየት ሆነ። ሰው ሁሉ ፀሐይ ለቡናው ሲለምን እኔ ጉም እለምናለሁ።

አንድ ቅዳሜ እትዬ በብልቃጥ የያዮ ጫካ ማር አምጥተው ሰጡኝ። "ለአውሬሽ ነው፣ ጉሮሮው ሻክሯል" አሉኝ። የዋህነታቸው አስቆኝ ወደ ቤት ወሰድኩት፤ አባቴም በየጠዋቱ በሞቀ ውሃ እየበጠበጠ ይጠጣው ጀመር።

ኅዳር ገባና ጉሙ ጠፋ። ያለኝ ከማሽኑ ጋር የመጣው ፈሳሽ ትራፊ ነው፤ እሱ ሲያልቅ አባቴ ጓዳው ተመልሶ እንደሚገባ አውቃለሁ፣ ፈራሁ። የዚያን ቅዳሜ መብራት ነበረና የመጨረሻዋን ጠብታ ጨመርኩ። ጉሙ ተነሳ፣ አባቴ አገሳ፣ ልጆቹ ጮሁ። ከዚያ የኅዳር ነፋስ መጣና ጉሙን ሰብስቦ ሸራውንም ገልቦ ሄደ። አባቴ ሙቀቱ ከብዶት ኖሮ በሩን ከፍቶ፣ ከወገቡ በላይ ወጥቶ፣ ፎጣውን አንገቱ ላይ ጥሎ ላቡን እየጠረገ ነው። ሁሉም አዩት። ያ የተጣመመ አፉ ፀሐይ ላይ ወጣ። እኔ በቃ፣ አከተመ አልኩ።

የእትዬ የልጅ ልጅ ጠጋ አለችው። "አካም ቡልታን፣ አባ?" ብላ እንዴት እንዳደረ ጠየቀችው። ቀጠለችና፣ "ማሩ ለጉሮሮዎ ተስማማዎት?" አለችው።

ዞሬ እትዬን አየኋቸው። ነጠላቸውን እያስተካከሉ፣ "የጋሼን ድምፅ የማያውቅ መቱ ውስጥ ማን አለ ልጄ?" አሉኝ ቀስ ብለው። "እንዲያው እንዳናሳፍራቸው ብለን ነው እንጂ።"

አባቴ ፎጣውን ወደ አፉ አነሳ። ግማሽ መንገድ ላይ እጁ ቆመ፣ መልሶም አወረደው። "ተስማ... ተስማምቶኛል፣ ልጄ" አለ። ምራቁ አመለጠው፣ ጠረገውና ደገመላት።

ያን ቀን ወደ ቤት የተመለስነው በቡናው መሃል ሳይሆን በአስፋልቱ ነው። በየሱቁ ደጃፍ ሰው ያስቆመዋል፣ ይስመዋል፣ የት ጠፋህ ይለዋል። እኔ ፎጣውን ይዤለት ከኋላ ከኋላ እከተላለሁ። አንድ የድሮ ረዳቱ ጋ ሲደርስማ ጭራሽ ወንበር ተሰጠው። ፀሐዩ አናቴን ሲበሳኝ፣ "አባዬ፣ እንሂድ እንጂ" አልኩት።

"ቆይ" አለኝ በዚያ በተጎተተ ድምፁ፣ "እያወራሁ ነው።"