እናቴን ያሳመምኩበት ጉዞ

መኪናዋን የገዛሁት በደርግ ጊዜ ነው፤ ያኔ ላፍቶ ካለው ቤታችን ፊት ለፊት ገና ገብስ ይዘራ ነበር። ከእኔ በፊት ስንት ሰው እንደነዳት ሻጩም አያውቅም። እኔ ግን በየማለዳው በጨርቅ ስወለውላት ትናንት ከፋብሪካ የወጣች ይመስለኝ ነበር። በሳምንቱ አንድ ሐሳብ ያዘኝ፦ አዳባ ድረስ ነድቼ ለእናቴ ላሳያት። እናቴን ካየኋት አራት ዓመት ሆኖኝ ነበር። አራቱንም ዓመት ወደ አዳባ አውቶቡስ ይሄድ ነበር፤ ይህን ግን አላሰብኩትም።

ከከተማ ለመውጣት ከቀበሌ የይለፍ ወረቀት ያስፈልጋል። ወረቀቱ ላይ «ምክንያት» የምትል ባዶ መስመር አለች። መኪና ማሳየት ምክንያት አይሆንም፤ ናፍቆትም አይሆንም ብዬ ራሴው ወሰንኩ። ጸሐፊውን «እናቴ በጠና ታማለች» አልኩት። ከልቡ አዘነልኝና ወዲያው ማኅተም መታልኝ።

«ጉንፋን ይዟታል ብትል ምን ነበረበት?» አለችኝ ባለቤቴ፣ ወረቀቱን አንብባ።

ዝዋይን ስናልፍ ሜዳው ተከፈተ። ግራር፣ አቧራና ሰማይ ብቻ ነው። መኪናዋ ትንሽ አቀበት ባየች ቁጥር ውኃ ትጠይቃለች፤ እኔም አቧራዋን ባየሁ ቁጥር ቆሜ እወለውላታለሁ። አንድ የፈረስ ጋሪ ደርሶ ቀደመን።

«ጎበዝ ፈረስ ነው» አልኩ።

ባለቤቴ በመስኮት ወደ ውጭ ማየት መረጠች።

ሻሸመኔ መውጫ ያለው የኬላ ጠባቂ ወረቀቱን ሲያነብ ፊቱ ተለወጠ። ሻንጣችንን እንኳ አልፈተሸም። የእናቴን ስም ጠየቀኝና ከኋላችን ወደቆመው የአዳባ አውቶቡስ ሄዶ ሾፌሩን «ቀድመህ ድረስና ልጅሽ እየመጣ ነው፣ በርቺ በላት» አለው። እውነቱን ልናገር ብል መታሰር አለ። «እግዜር ይስጥልኝ» ብዬ አንገቴን ደፋሁ። አውቶቡሱ አቧራ አልብሶን ሄደ።

ልደርስበት ሞከርኩ። መኪናዋ ፈላች። ዶዶላን ካለፍን በኋላ ያ የስንዴ ሜዳ አላልቅ አለኝ፤ አውቶቡሱም አድማሱ ላይ ነጥብ ሆኖ ጠፋ። በጣም ደንግጬ ነበር። እንዲያም ሆኖ አዳባ መግቢያ ላይ ቆምኩና መኪናዋን ወለወልኩ።

የእናቴ ግቢ በሰው ሞልቷል። አንዳንዶቹ ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። የዋሸሁት ደረሰ ብዬ ከመኪናዋ ዘልዬ ወረድኩ። ጨርቁን እንደያዝኩ ሰው እየገፋሁ ስገባ፣ እናቴ መሐል ላይ ቁጭ ብላ ደህና መሆኗን ለጠያቂው ሁሉ በየተራ ታስረዳለች። ቀና ብላ አየችኝ። በሩ ላይ የቆመችውን መኪና ዞር ብላም አላየቻትም።

«አሞኛል እንዴ?» አለችኝ።

«ምን ላድርግ እማዬ፣ የይለፍ ወረቀት ያስፈልጋል። እናቴ ናፍቃኛለች ብላቸው ማን ይፈቅድልኛል?»

አራት ዓመት ያላየችውን ፊቴን ቀስ ብላ አየችው።

«ጠየቅካቸው?»

አልጠየቅኳቸውም ነበር።